ጥርሱ 8፣ ቁመቱ 15፦ የናሪዮኮቶሜው ልጅ ጉዳይ

ትምህርት ቤት ልመዘገብ የሄድኩ ቀን የልደት ካርድ የጠየቀኝ የለም። መዝጋቢው መምህር «እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ ጆሮህን ንካ» አሉኝ። ቀኝ እጄን አንስቼ በጭንቅላቴ ላይ ወደ ግራ ጆሮዬ ዘረጋሁ። ጣቶቼ ፀጉሬ ላይ ቀሩ። «ለከርሞ ይምጣ» ተባለ። እናቴ የተወለድኩበትን ዓመት ጠራች። ቀኑም የኅዳር ሚካኤል ማግስት እንደነበረ ተናገረች። ሰሚ አላገኘችም። ከእሷ ቃል የእኔ ክንድ ታመነ።

በዚህ ፈተና ያለፈ ብዙ ሰው አለ። ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ሕፃን ልጅ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ክንዱ አጭር ነው። እያደገ ሲሄድ ክንዱ ይረዝማል፣ ጆሮውንም ይደርስበታል። ግን አንዱ ልጅ ቶሎ ይመዘዛል፣ ሌላው ይዘገያል። ቁመት አንድ ዕድሜ ሲናገር ጥርስ ሌላ ሊናገር ይችላል። ዛሬ የማነሳው ልጅ ጉዳይም ይኸው ነው። የእሱ እናት ቀርባ ቀኑን ልትነግረን አትችልም። ከሞተ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተገኘበት ቦታ፣ ያገኘውም ሰው

ቦታው ሰሜን ኬንያ፣ የቱርካና ሐይቅ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውኃ አብዛኛው የሚሄደው ከእኛ አገር ነው፣ በኦሞ ወንዝ። እዚያ ናሪዮኮቶሜ የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ አለ። በነሐሴ 1984 የጥንት ሰው ተመራማሪዎቹ የሪቻርድ ሊኪና የአለን ዎከር ቡድን በአጠገቡ ሰፍሮ ነበር።

ዕለቱ የእረፍት ቀን ነበር። የቡድኑ ዋና ቅሪተ አካል ፈላጊ ካሞያ ኪሜው ግን ዞር ዞር ሊል ወጣ። ጥቁር የላቫ ጠጠር በፈሰሰበት ተዳፋት ላይ፣ ቀለሟ ከጠጠሩ የማይለይ አንዲት ትንሽ ስባሪ አየ። የግንባር አጥንት ነበረች።

ስለ ኪሜው ጥቂት ሳልል ማለፍ አልችልም። ኪሜው በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልተማረም። በ1960 ለሊኪ ቤተሰብ ቁፋሮ የተቀጠረ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። በ1967 ደግሞ የእኛው ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ ላይ ነበር። ኦሞ 1 ተብሎ የሚታወቀውን፣ ዛሬ ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ የሚሰጠውን የሰው አፅም ያገኘው እሱ ነው። የተገኘበት ቦታ እስካሁን በስሙ ይጠራል። በ1985 ዋይት ሐውስ ተጋብዞ ከፕሬዚዳንት ሬገን እጅ ሜዳልያ ተቀበለ። በ2022 አረፈ። እኛ ኦሞን ስናነሳ ስሙን አብረን ብናነሳው ደስ ይለኛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከዚያች ስባሪ በኋላ አፈሩ ተቆፈረ፣ በወንፊት ተነፋ። አንዱ አጥንት ሌላውን እየጠራ ሥራው በርካታ የቁፋሮ ወቅቶች ፈጀ። በመጨረሻ ከ100 በላይ የአጥንት ክፍሎች ተሰበሰቡ። የራስ ቅሉ፣ መንጋጋው፣ አከርካሪው፣ ጎድኖቹ፣ ዳሌው፣ የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች ተገኙ። መዳፎቹና እግሮቹ ግን ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። የዚህን ዘመን አንድ ሰው እንዲህ ተሟልቶ ያየ ከዚያ በፊት አልነበረም። ዝርያው ሆሞ ኢሬክተስ ይባላል፤ ሆሞ ኤርጋስተር የሚሉትም አሉ። አደን እያደኑ፣ የሞተ እንስሳ ሥጋ እየቀሙ፣ ሥር እየማሱ፣ ፍሬ እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ።

ሬሳው የወደቀው ረግረግ ዳር ነው። ሥጋው ሲለቅ አጥንቱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተበታተነ። ትልልቅ እንስሳት ረግጠውታል። የአውሬ ጥርስ ግን አላረፈበትም። ጅብ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ይህን ሁሉ የምናወራበት ነገር ባልኖረ ነበር።

ቁመት፣ አጥንት፣ ጥርስ

የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜው ስንት ነው የሚል ነበር። ለዚህ የሚጠየቁ ሦስት ምስክሮች አሉ።

ቁመት አንዱ ነው። የጭኑን አጥንት ለክተው ሲያሰሉ ልጁ ሲሞት ወደ 160 ሴንቲ ሜትር ይሆን ነበር ተባለ። ትንሽ ዝቅ አድርገው የገመቱም አሉ። ክብደቱ 50 ኪሎ ገደማ ነው። እንደ ዛሬ ልጅ ብንቆጥረው በቁመት 15 ዓመት አካባቢ ነው ብለው የገመቱ ነበሩ።

ሁለተኛው አጥንቱ ራሱ ነው። የልጅ ረጅም አጥንት ጫፉና አካሉ ገና አልተዋሃደም። በመካከላቸው ለጋ ክፍል አለ፣ ዕድገቱም የሚካሄደው እዚያ ነው። ማደጉ ሲያበቃ ሁለቱ ይገጥማሉ። የትኛው መገጣጠሚያ መቼ እንደሚገጥም ቅደም ተከተሉ ይታወቃል። የኳስ አፍቃሪ ይህን ሳያውቀው አይቀርም፤ ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ የሚያስመረምረው በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ ልጅ ላይ ክርኑ አካባቢ መግጠም ተጀምሯል፣ ዳሌና ጉልበቱ ግን ክፍት ነው። በዛሬ ልጅ ቢሆን 13 ዓመት ገደማ ያሰኛል።

ሦስተኛው ጥርስ ነው። ሁለተኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ወጥቷል። ሦስተኛው አልወጣም። ከላይ የወተት ክራንቻ ገና አልወለቀም። በዛሬ ልጅ መለኪያ ይህ 11 ዓመት ነው።

እንግዲህ 15፣ 13፣ 11። አንድ ልጅ፣ ሦስት ዕድሜ። አንደኛው ይሳሳታል ማለት ይቀላል። ግን ሦስቱም የተነበቡት በእኛ ልጆች ሰንጠረዥ ነው። ልጁ የእኛ ልጅ ባይሆንስ?

መልሱ የመጣው ጥርስን ከሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ትቶ ጥርሱ ውስጥ ያለውን ከመቁጠር ነው። መሶብ ስትሰፋ ያያችኋት ሴት ካለች እሷን አስቡ። ስንደዶውን ከመሃል ጀምራ ትጠመዝዛለች፣ አክርማውን በወስፌ እየሰፋች ዙር በዙር ላይ ትጨምራለች። መሶቡ ካለቀ በኋላም ዙሮቹን መቁጠር ይቻላል። የጥርስ ጠንካራ ልባስ፣ ኢናሜል የሚባለው፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ሕዋሳቱ በየቀኑ አንዲት ቀጭን መስመር ይጥላሉ። በየጥቂት ቀኑ ደግሞ፣ በሰው ብዙ ጊዜ በየ8 ቀኑ ገደማ፣ ጎላ ያለ መስመር ይሠራል። ይህ መስመር ጥርሱ ላይ ላዩንም እንደ ስስ ሸንተረር ይታያል። መጀመሪያ የሚያድገው መንጋጋ ጥርስ ከውልደት አካባቢ ስለሚጀምር ውልደት ራሱ መስመር ጥሎበት ያልፋል። ከዚያ እየቆጠሩ መሄድ ነው።

በዚህ ዘዴ ክሪስቶፈር ዲንና ባልደረቦቹ የጥንት ሰዎችን ጥርስ ሲቆጥሩ የሆሞ ኢሬክተስ ጥርስ ከእኛ ቶሎ እንደሚያድግ አገኙ። በእኛ የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ጥርስ በ6 ዓመት፣ ሁለተኛው በ12 ይወጣል። በእነሱ የመጀመሪያው ወደ 4 ዓመት ተኩል፣ ሁለተኛው ወደ 8 ዓመት ግድም ነው። በ2009 ዲንና ሆሊ ስሚዝ የናሪዮኮቶሜውን ልጅ ዕድሜ 8 ዓመት አካባቢ አደረጉት።

8 ዓመት። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ የጎረቤታችንን ልጅ ወደ በሩ መቃን ጠርቼ ቁመቱን ለካሁ። 8 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ደረቴ ጋ ይደርሳል። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ የ8 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 127 ሴንቲ ሜትር ነው። የናሪዮኮቶሜው ልጅ ከእሱ በ33 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የጎረቤቴ ልጅ የጫማ ማሰሪያውን ገና እየተለማመደ ነው። ያኛው በቁመት ለአዋቂ ይቃረብ ነበር።

የእኛዋ ሰላምም፣ አፋር ዲኪካ ላይ አፅሟ የተገኘው የጥንት ሕፃን፣ በዚሁ ዘዴ ተቆጥራለች። በ2006 ዜናዋ ሲወጣ 3 ዓመት ገደማ ተባለች። በ2020 በኃይለኛ ኤክስሬይ የጥርሷ መስመር ሲቆጠር 2 ዓመት ከ5 ወር አካባቢ ሆነች።

ይህ ለምን ብርቅ ሆነ

የእኛ ልጅነት ረጅም ነው። ሰውነታችን ለዓመታት ቀስ እያለ ያዘግምና በጉርምስና ድንገት ይመዘዛል። ወላጅ «ሱሪው በስድስት ወር አጠረው» የሚለው ያኔ ነው። ሳይንቲስቶቹ ልጁን 12 ዓመት አድርገው ሲያስቡት ይህ መመዘዝ ገና ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ቢያድግ 185 ሴንቲ ሜትር ይደርስ ነበር ተባለ። ረጅምና ቀጭን፣ ሙቀት የለመደ ሯጭ ተደርጎም ተሣለ።

ዕድሜው 8 ሲሆን ስሌቱ ተናጋ። ሰውነቱ ከጥርሱ ቀድሞ ከሄደ፣ ዕድገቱ እንደኛ ቆይቶ የሚፈነዳ አልነበረም ማለት ነው። ብዙውን መንገድ ሄዶ ጨርሶት ሊሆን ይችላል። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ቢያድግ 163 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆም ነበር አለ። በኋላ የሠሩት ደግሞ ወደ 180 መለሱት። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ግን 185 የሚለው ቁጥር በየመጽሐፉ እንደ ተረጋገጠ ነገር መጻፉ ያናድደኛል። የተለካ ቁመት አይደለም። የእኛ ልጆች ሰንጠረዥ ላይ ቆሞ የተሰላ ትንቢት ነው።

በ2020 ጎድኖቹ በኮምፒውተር እንደገና ሲገጣጠሙም ደረቱ እንደተሣለው ቀጭን አልሆነም። ሰፋ ያለ፣ ከፊት ወደ ኋላም ጥልቅ ነበር።

ጤናውን በተመለከተ ቁመቱ ራሱ ይናገራል። እኛ አገር መቀንጨር የሚለውን ቃል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዘውት ይዞራሉ። በ2019 ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 ከመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። መቀንጨር የሚመጣው ከምግብ እጥረትና ከተደጋጋሚ ሕመም ነው፣ አጥንትም አይረሳውም። በ8 ዓመቱ 160 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ልጅ ዝርያው የፈለገ ቶሎ የሚያድግ ቢሆን እንኳ ለዓመታት በልቷል። እናቱ፣ ወይም ሌላ ሰው፣ አብልተውታል።

መንጋጋውና ጀርባው

ምን ገደለው? በቀኝ በኩል ከታች አንድ የወተት መንጋጋ ጥርስ ወልቋል። የሥሩ ስባሪ ግን ውስጥ ቀርቷል። ዙሪያው ያለው አጥንት መቁሰሉን ያሳያል። ድዱ መግል ይዞ ነበር።

ልጅ እያለን የወተት ጥርስ ሲነቃነቅ በክር ታስሮ ይነቀልና ጣሪያ ላይ እንወረውረው ነበር። ሥሩ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ያየ ያውቀዋል። ጉንጭ ያብጣል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ይነጋል። ዛሬ አንቲባዮቲክ አለ። ያኔ መግሉ ወደ ደም ከገባ የሚያቆመው አልነበረም። ዎከር ልጁን የገደለው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አስቧል። ሊሆን ይችላል። መንጋጋው ታሞ እንደነበር እርግጥ ነው፣ በዚያ ስለመሞቱ ግን አጥንቱ አይምልም።

ጀርባው ላይ ደግሞ ትልቅ ስህተት ተሠርቶ ነበር። አከርካሪው ሲታይ ግራና ቀኙ አልተካከለም፣ አንዳንድ አጥንቶቹም ያልተለመደ ቅርጽ ነበራቸው። በ2001 ልጁ ከውልደቱ ጀምሮ የአጥንት ዕድገት ችግር እንዳለበት የሚገልጽ ሐሳብ ቀረበ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ በሽተኛ ከሆነ ስለ ዝርያው ዕድገት ከእሱ የተማርነው ሁሉ ይበላሻል። የታመመ ልጅ አንስቶ «ሁሉም እንዲህ ነበሩ» ማለት አይቻልም።

የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንቱን አንድ በአንድ እንደገና አዩት። አንዳንድ ጎድኖች ቦታቸውን ተቀያይረው እንደተደረደሩ አገኙ። ቦታቸው ሲስተካከል መዛባቱ አብዛኛው ጠፋ። በ2013 ያወጡት ጥናት መደምደሚያው ግልጽ ነው፤ የአጥንት ዕድገት በሽታ የለበትም። የተሳሳተው ደርዳሪው ነበር እንጂ የልጁ ጀርባ አልነበረም።

በወገቡ ላይ ግን እውነተኛ ጉዳት አዩ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ የመንሸራተት ምልክት ነበረው። ዛሬ ወገባቸውን ይዘው ሐኪም ቤት የሚሰለፉ ብዙዎች የሚነገራቸው ችግር ነው። አጥንቱ ከጉዳቱ በኋላ መዳን የጀመረ ይመስላል፣ ስለዚህ ከወደቀ ወይም ከተጎዳ በኋላ ጥቂት ጊዜ ኖሯል። ሕመሙ ወደ እግር ሊወርድ ይችላል። የሚያነክስ ልጅ ሌላው እየሮጠ አድኖ በሚበላበት ሜዳ ላይ እንዴት ከሰው ጋር ይጓዛል? የሚጠብቀው ሰው ነበረ ብዬ አስባለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ለዚህ ግምት ድፍረት የሰጠችኝ ከሐይቁ ማዶ ያለች ሴት ናት። ኮቢ ፎራ በሚባለው ምሥራቃዊ ዳርቻ በ1973 የተገኘች፣ ከልጁ ትንሽ የምትቀድም አዋቂ ሆሞ ኢሬክተስ ናት። እሷንም ያገኛት ኪሜው ነው። የእጅና የእግር አጥንቶቿ ላይ በሕመም የበቀለ ሻካራ አጥንት ተጋግሯል። ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው። በ1982 ዎከርና ባልደረቦቹ የቫይታሚን ኤ መብዛት ሊሆን ይችላል አሉ። የሥጋ በል አውሬ ጉበት ይህ ቫይታሚን እጅግ ይበዛበታል። እኛ የበሬ ጉበት በሚጥሚጣ ስንበላ የማያስፈራን በሬ ሣር በል ስለሆነ መጠኑ በጣም ስለሚያንስ ነው። የአንበሳ ወይም የጅብ ጉበት ሌላ ነገር ነው። የንብ እጭ አብዝታ በልታ ይሆናል ያሉም አሉ። ሌሎች ደግሞ ቁስል የሚያመጣ ተላላፊ በሽታ ነው ብለዋል። ምክንያቱ ይሁን የፈለገው፣ እንዲህ ያለ አጥንት እስኪበቅል ሳምንታት ወይም ወራት ይፈልጋል። መነቃነቅ በሚያቅተው ሕመም ውስጥ ሆና ያን ሁሉ ጊዜ ውኃ ያመጣላት፣ ሌሊት አውሬ የከለከለላት ሰው መኖር አለበት። ዎከር ያለውም ይህንኑ ነው።

አንድ ልጅ ስንት ሸክም ይችላል

ይህ ልጅ ከሚችለው በላይ ተጭኖበታል። ዳሌው ጠባብ ስለተመሰለ የዝርያው እናቶች ትንሽ ጭንቅላት ያለው ሕፃን ብቻ ይወልዱ ነበር ተባለ። የወንድ ልጅ ዳሌ ነው፣ ያውም ያልተሟላ። በ2008 የተመራማሪው የሥለሺ ሰማው ፕሮጀክት በሚሠራበት አፋር፣ ጎና ላይ የተገኘ የአዋቂ ሴት ዳሌ ይፋ ሆነ። በጣም ሰፊ ነበር። የማንኛው ዝርያ ዳሌ ነው የሚል ክርክር ቢነሳበትም ስለ ወሊድ የተባለው ሁሉ እንደገና እንዲታሰብ አስገድዷል።

ሌላም አለ። በእጃችን ያለው የሞተ ልጅ ነው። አብረውት የተጫወቱት፣ አድገው የወለዱት ልጆች ጤና በእሱ አጥንት ላይ አልተጻፈም። የሙታን መንደር የሕያዋንን መንደር ሙሉ መልክ አያሳይም። ለዚህ ነው የጥርስ ቆጠራው የሚማርከኝ። ከሌሎች ሆሞ ኢሬክተስ ጥርሶች ጋር ይመሳከራል፣ በአንድ ልጅ ዕድል ላይ ብቻ አይቆምም።

ይህ የዕድሜ ጉዳይ ዛሬም ሰው ያስለቅሳል። አውሮፓ ውስጥ ወረቀት የሌላቸው ስደተኛ ወጣቶች፣ ከእኛ አገር የሄዱትም ጭምር፣ ዕድሜያቸው በእጅ አንጓ፣ በጉልበትና በጥርስ ምስል ይገመታል። ስዊድን ከ2017 ጀምሮ የጉልበት ኤምአርአይና የአእምሮ ጥርስ ኤክስሬይ ትጠቀም ነበር። በአንድ ዓመት ልዩነት ልጁ እንደ ልጅ ይያዛል፣ ወይም እንደ አዋቂ ይመለሳል። ሰንጠረዡ የማን ልጆች ላይ ተሠራ ብሎ መጠየቅ እዚያም ያስፈልጋል።

አጥንቱ ናይሮቢ፣ የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየም ዘንድ ነው። ላይኛው መንጋጋ ላይ ያቺ የወተት ክራንቻ እስካሁን ቦታዋ ላይ አለች። ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስም አጥንቱ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፣ መውጫው ሳይደርስ።